ቅጠል የለበሰችው መኪና

ትእዛዙ የመጣው ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ነው። «ቁስለኛ ጭናችሁ ወደ ኋላ!» አለን ሃምሳ አለቃችን። ከኤርትራ ጋር በተዋጋንበት ጊዜ ነው፤ ከሚዛንና ከቴፒ የሄድን ልጆች ብዙ ነበርን። ሹፌሩ አለሙ ነበር፤ በአገራችን ቡና ሲያመላልስ የኖረ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ቁስለኞቹን እጠብቃለሁ፤ ውሃም አጠጣለሁ። ውሃችን ሁለት ጀሪካን ነበር።

ከመነሳታችን በፊት አውሮፕላን እንዳያያት መኪናዋን ሸፍኑ ተባልን። እኛ ደግሞ የደን አገር ሰዎች ነን፤ በቅጠል ማን ይቀድመናል? ቁጥቋጦ እየቆረጥን ከአፍንጫዋ እስከ ጣሪያዋ አለበስናት፤ በገመድም ጠፈርናት። ጎጆ መሰለች።

አስራ አንድ ሰው ጫንን። አንዱ የአገራችን ልጅ፣ የሸዋ ቤንቹ ደምሴ ነው። ጭኑን ተመትቶ ብዙ ደም ፈሶታል፤ አፉ ግን አላረፈም።

መንገዱ ክፍት እያለ ደህና ሄድን። ኋላ ታንክና ጥይት ጫኝ መኪና ከሞላበት ሰልፍ ገባን። እግረኛ ይቀድመን ጀመር።

«አለሙ፣ ከቴፒ ሚዛን በእግሬ እቀድምህ ነበር እኮ!» አለ ደምሴ።

«ቡና ብጭን ይሻለኝ ነበር። ቡና አያወራም» አለ አለሙ።

ሳቅን። ወዲያው መኪናዋ አፈላች።

«ውሃ ጨምሩ!» አለ ሃምሳ አለቃው። ጨመርን። ትንሽ ሄዳ ደግማ አፈላች። ደግመን ጨመርን። አንዱ ጀሪካን አለቀ።

አለሙ ግን የሙቀት መለኪያውን መርፌ ያይ ነበር። ሰልፉ ላልቶ መኪናዋ ስትሮጥ መርፌው ይወርዳል፤ ስናዘግም ይወጣል። ወርዶ ከሥሯ አየ፤ የሚንጠባጠብ የለም። እጁን በቅጠሉ መሃል ወደ ራዲያተሩ ሰደደ። ቅጠሉ አቧራ ጠጥቶ እንደ ግድግዳ ሆኗል።

«የጎደላት ውሃ አይደለም፣ ትንፋሽ ነው» አለ። «ስትሮጥ ነፋሱ በግድ ይገባላታል። ስታዘግም ፋኑ ከየት ይሳብ? ከፊቷ ያለውን እናንሳ።»

«አውሮፕላን ቢመጣስ? ይሄን ሁሉ ሰው ላስፈጅ? ቅጠሉን የሚነካ የለም!» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ውሃው እኮ የቁስለኛ ነው።»

«መኪናዋ ከቆመች ሁሉም እዚሁ ይቀራሉ። ጨምሩ!»

እሱም የሚያስበው ለእነሱ ነበር። ጨመርን።

ቀትር ላይ ሁለተኛው ጀሪካን አለቀ።

«ወንድሜ፣ ጠብታ የለም?» ይለኛል ደምሴ። ጨርቅ በጀሪካኑ አፍ አብሼ ከንፈሩ ላይ አደረግሁለት። ኋላ መጠየቁን ተወ።

«ያ ለፍላፊ ምነው ዝም አለ?» አለ አለሙ ከፊት።

«አረፈ» አልኩት። አለሙ መኪናዋን አቆመ። ጩቤውን ይዞ ወረደና ገመዱን ቆረጠው፤ የፊቷን ቅጠል መንገድ ላይ ጣለው። ሃምሳ አለቃው ሰማዩን ይቃኝ ነበር እንጂ አልከለከለውም። ከዚያ በኋላ መኪናዋ አላፈላችም። እስኪመሽ ድረስ አንድም አውሮፕላን አላየንም።

አስራ አንድ ጭነን ሰባት በሕይወት አወረድን። ሦስቱ ቁስላቸው ከባድ ነበር፤ ሐኪም ቢደርስላቸውም እንጃ። ስለ ደምሴ ግን እንደዚያ ማለት አልችልም።

ዛሬ ሚዛን በገበያ ቀን መኪና ግርግር ውስጥ ሲያፈላ ልጆቹ ጀሪካን ይዘው ሲሮጡ አያለሁ። «መጀመሪያ ፊቷን እዩ» እላቸዋለሁ። ሽማግሌ ነው ብለው ያልፉኛል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሸዋ ቤንች የደምሴ እናት ዘንድ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ በቅል ውሃ አቀረቡልኝ።

«ጠጣ ልጄ፣ መንገዱ ያስጠማል» አሉኝ።

እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ። ስለ ልጃቸው የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው።