ከመኪናው ውስጥ የተሰማችው ሴት

ይህ ነገር የገጠመኝ ካርቱም ውስጥ፣ ጦርነቱ ከመነሳቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያች ከተማ የሚያስለቅስ ብዙ ነገር ይዤ ወጥቻለሁ። ይሄኛው ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር፣ ታክሲ ውስጥም ብሆን ብቻዬን እየሳቅኩ ሰው ይታዘበኛል።

የምሠራው አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ ሓጅ ኢድሪስና ሓጃ ነፊሳ የሚባሉ ባልና ሚስት ቤት ነበር። ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ስለወጡ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን። ሓጃ ቁጡ ናቸው፤ ልባቸው ግን ደግ ነው። ሓጅ ደግሞ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንዲት ያረጀች አረንጓዴ መኪና መወልወል ነው። መኪናዋ ሓጃን ሳያገቡ በፊት የተገዛች ስለሆነች ሓጃ የሚያዩዋት እንደ ጣውንት ነው። “ለዚህች ብረት ከእንግዲህ አንዲት ጊርሽ ብታወጣ እኔን አታገኘኝም!” ብለው ምለዋል።

መኪናዋ ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ራዲዮ አላት። የሚይዘው ኤኤም ብቻ ስለሆነ ሓጅ ሲከፍቱት ሽሽሽ የሚል ድምፅና ፉጨት እንጂ የሰው ድምፅ የለም። መስጊድ የሚያገኟቸው ጓደኞቻቸው ደግሞ ከሰዓት በኋላ በኤፍኤም ስለሚተላለፍ የትዳር ምክር ፕሮግራም ነው ወሬያቸው። ሓጅ ከመሀላቸው ቁጭ ብለው የሚሉት ያጣሉ።

“ታዲያ ሌላ ራዲዮ አይገጥሙላትም?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ያ ሐዋ፣ የራሷን ነቅዬ የሰው ላድርግባት?” ብለው ተቆጡኝ።

ጣጣውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ራዲዮ የሚጠግን ሰይድ የሚባል የሐይቅ ልጅ አውቅ ነበር። ነገሩን ሳጫውተው “ራዲዮኑን ሳልነካው ኤፍኤም እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል” አለኝ። ሓጃ ጀብራ የሚባል ሰፈር እህታቸው ዘንድ የዋሉ ዕለት፣ እኛ ባጃጅ በምንላት ረክሻ ይዤው መጣሁ።

ሰይድ ከቦርሳው የሳሙና መያዣ የምታህል የብረት ሳጥን አወጣ። የአንቴናውን ገመድ ከራዲዮኑ ነቅሎ ሳጥኗ ላይ ሰካው፤ ከሳጥኗ የወጣውን ገመድ ደግሞ ራዲዮኑ ላይ ሰካ። “የራዲዮኑ መርፌ ከዚህ ቦታ ንቅንቅ እንዳይል። ጣቢያ የሚፈልጉት በሳጥኗ ነው” አላቸው። ሓጅ ልጃቸው ቀዶ ጥገና የገባ ይመስል ዱዓ ላይ ናቸው።

ሲከፈት ያው ሽሽሽ ሆነ። ሰይድ ቆይ ብሎ ጎንበስ አለና የሳጥኗን ጥቁር ሽቦ ካሰረበት የመኪናዋ ብረት ላይ ዝገቱን በቢላ ፋቀው። ወዲያው አንዲት ሴት መኪናው ውስጥ ከት ብላ ሳቀች። ሓጅ ዘለው የሰይድን ግንባር ሳሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “ለሓጃ ቃል ብታወጪ!” ብለው አስማሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ተበልቶ ሓጃ ጋደም ሲሉ፣ ሓጅ ይታጠቡና ንጹህ ጀላቢያ ይለብሳሉ። “ሞተሩን ላሙቀው” ብለው መኪናው የሚቆምበት ቤት ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። እኔ ሻይ ሳደርስ እዚያው እቀራለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ፕሮግራሙ ሱስ ሆኖብኛል። የምታቀርበው ሴት ድምፅዋ ማር ነው፤ ስትስቅ ደግሞ ግድግዳ ታስቃለች።

ለካ ሳቋ አጥር ተሻግሯል። አንዷ ጎረቤት ለሓጃ “ከባልሽ መኪና ቤት የሴት ሳቅ ይሰማል” አለቻቸው።

ሓጃ ማድ ቤት መጥተው ፊቴ ቆሙ። “ሐዋ፣ ቢላሂ፣ ሓጅ ጋ የምትገባው ሴት ማን ናት?”

“ወላሂ ማንም አትገባም” አልኩ። እውነቴን ነው፣ የገባች የለችም። ሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። በሦስተኛው “ብትዋሺኝ ሻንጣሽን ይዘሽ ትወጫለሽ” አሉኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ በእሳቸው ስም ነው። ከዚያ ቤት ብወጣ የማድርበት የለኝም። ለሓጅ ምያለሁ፤ ሓጃን ፈርቻለሁ።

በማግስቱ ወተት ጥጄ ለሓጅ ሻይ ይዤ ሄድኩ። ፕሮግራሙ ተጀምሯል። “ትንሽ ስሚ” ሲሉኝ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ኡሙ ኸይር ነኝ ያለች አንዲት ሴትዮ ደውላ ታለቅሳለች። በዚያች ሳጥን የሚመጣ የስልክ ድምፅ በርሜል ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው ነው፤ አይለይም።

“አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ በስተርጅና ሴት ደበቀብኝ። በየቀኑ ታጥቦ፣ ለብሶ…”

ሓጅ ጭንቅላታቸውን ወዘወዙ። “ሚስኪን! እንዲህ ያለውን ባል ነበር በጅራፍ!” አሉ።

“ሠራተኛዬ እንኳ ታውቃለች፣ ግን…” አለች ሴትዮዋ። ንግግሯን ሳትጨርስ ራዲዮኑ ውስጥ ጮኸች፦ “ያ ሐዋ! ወተቱ ገነፈለ! የት ገባሽ?”

“አቤት ሓጃ! መጣሁ!” አልኩ። ለራዲዮኑ!

ሓጅ ዞረው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። የሻይ ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። በሩን በርግደው ሲወጡ ጀላቢያቸው ከበሩ እጀታ ጋር ተያይዞ ተርተር ብሎ ተቀደደ፤ አንድ ጫማቸው እኔ ዘንድ ቀረ። እኔ ጫማቸውን አንስቼ እዚያው ተቀመጥኩ። የቀረውን የሰማሁት እንደማንኛውም አድማጭ፣ በራዲዮ ነው።

“ነፊሳ! ዝጊው ስልኩን!”

“ይኸው! እሱ ራሱ መጣ፣ ያ እህቴ!” አሉ ሓጃ።

አቅራቢዋ ደስ ብሏት “መርሐባ ያ ሓጅ! እስቲ ይንገሩን፣ ሴትዮዋ ማን ናት?” አለች።

ሓጅ “አንቺ ነሽ!” አሉ።

“እኔ?” አለች አቅራቢዋ።

“አዎ አንቺ! በየቀኑ ተደብቄ የምሰማው አንቺን ነው!”

ሓጃ “ከራዲዮ ሴት ጋር?” ብለው ሲጮኹ አቅራቢዋ መናገር አቃታትና ዘፈን ለቀቀች።

ትንሽ ቆይተው ሓጃ የወተት ጭልፋ ይዘው መጡ፤ ሓጅ በአንድ ጫማ ከኋላቸው። ሓጃ የመኪናውን በር ሲከፍቱ ውስጡ የተገኘችው ሴት እኔ ነኝ። “አለቀልኝ” አልኩ በልቤ። ያኔ ዘፈኑ አበቃና የአቅራቢዋ ሳቅ ተመለሰ። ሓጃ ራዲዮኑን አዩ፤ ሳጥኗን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

“ይቺ ናት?” አሉኝ።

“እሷ ናት” አልኩ።

ጭልፋውን አስያዙኝና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሓጅ ለማስረዳት አፋቸውን ሲከፍቱ “ዝም በል! ስለ እኔ የምታወራውን ልስማ” አሏቸው። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። የጀብራዋ እህታቸው ናቸው። “ከመቼ ወዲህ ነው ኡሙ ኸይር የሆንሽው?” እያሉ ሲስቁ ለእኔም ተሰማኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከሁላችን ቀድመው መኪናው ውስጥ የተገኙት ሓጃ ነበሩ።

እኔን ግን አላባረሩኝም። ስለ ጉዳዩ አንድ ቀን እንኳ አንስተውብኝ አያውቁም፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ። አሁን እነሱ ፖርት ሱዳን ናቸው፣ እኔ ኮምቦልቻ። ለዒድ ሲደውሉልኝ “ሓጃ፣ ዓፉ ይበሉኝ” ልል እጀምርና ሳቅ ይቀድመኛል። እሳቸውም ይስቃሉ። እንዲህ እየተሳሳቅን የስልኩ ሒሳብ ያልቃል፤ ይቅርታው ለሚቀጥለው ዒድ ይተላለፋል።