ግድግዳ የተሻገረ ትርታ

የእህቷን ባል ወደዚያ መሥሪያ ቤት ያስገባችው ራሷ ናት። «ሥራ ፈትቶ እህቴን ከሚያማርራት እኔው ላስተምረው» ብላ አጠገቧ ወንበር አስቀመጠችለት። የልብ ትርታ የሚቆጥር የእጅ አምባር ነበር የሚሠሩት፤ ትርታውን በብሉቱዝ ተቀብሎ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያም አለው። የሁለቱም ሶፍትዌር የእሷ እጅ ሥራ ነው። ሰውየው ተማረ። ከተማረ በኋላ ለሥራ አስኪያጁ ሹክ አለ፦ «ግንኙነቱ እየተቆረጠ የሚያስቸግረን በእሷ አጻጻፍ ነው። እኔ የአምባሩን እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ።»

ባጎረሰች ተነከሰች። እሱ ጠረጴዛዋን ወረሰ፤ እሷ ከቀጭኑ የጣውላ ግድግዳ ወዲያ፣ የደንበኞች ቅሬታ በስልክ ወደሚሰማበት ክፍል ተላከች።

ቢያባርሯት ይሻላት ነበር። ቅሬታ ይዛ ስትሄድ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «አጥፍተው ያብሩት በያቸው» ይላታል፣ በገዛ ወንበሯ ላይ ተንፈላስሶ። ቤተሰብ በተሰበሰበበትም አይተዋትም። «ዋርሳዬ እኮ አሁን የሰው ብሶት አድማጭ ሆናለች» እያለ ያስቃል። እናቷ ሳይቀሩ ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

ከሥራዋ የቀራት የመጀመሪያው የሙከራ አምባሯ ብቻ ነው። ከእጇ አታወልቀውም።

አንድ ጠዋት ባትሪው ደከመና ልትቀይርለት አወጣችው። ከግድግዳው ወዲያ የእህቷ ባል ጮኸ፦ «ጠፋ!»

አዲሱን አስገባች።

«መጣ! መጣ!»

እጇ አየር ላይ ቀረ። እንደገና አወጣችው። «ኧረ ምን ነክቶታል፣ ደግሞ ጠፋ!» መለሰችው። «እፎይ!»

አምባር ሲበራ በሬዲዮ ሞገድ ስሙን እየጠራ «አለሁ» ይላል፤ መተግበሪያው ያንን ስም ፈልጎ ይያያዘዋል። በዚያ ቤት ታዲያ የሙከራ አምባር ሁሉ ስሙ አንድ ነው፣ «ሙከራ»። እያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር እያለው፣ እሱን አይቶ ለመለየት ማን ይድከም! ድሮ «ስማቸውን እንለይ» ብላው ነበር። «ልጅ ወለድን እንዴ፣ ስም የምናወጣው?» ብሎ ስቆባታል።

ስልኳን አወጣችና በዙሪያዋ የሚጣራውን ሁሉ ፈለገች። ፎቁ ላይ ያለው «ሙከራ» አንድ ብቻ ነው፤ የእሷው። የእሱ አምባር ዲዳ ነው! ያ ሁሉ «ሠራልኝ» ያለው ግድግዳ የተሻገረውን የእሷን ልብ ይዞ ነው። ቁጭ ብለው የሚሠሩ ሰዎች የልብ ትርታ ብዙ ስለማይለያይ ማንም አልጠረጠረም። በሚጠላት ሰው ስልክ ላይ፣ ሳታውቀው፣ ልቧ ሲመታለት ከርሟል።

አብራት ስልክ የምታነሳዋ፣ ወሬ ስለማያመልጣት «ሬዲዮ» የሚሏት ልጅ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ኧረ ንገሪው እቴ! ሐሙስ እኮ ገዢዎች ይመጣሉ።»

«ነግሬው ነበር። ስም እንለይ ብዬ።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

«እኔ መች ጸሎት ያዝኩ?»

ሐሙስ የክሊኒክ ባለቤቶች መጡ። የእህቷ ባል ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ አምባሩን በሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ አሰረ። ትልቁ ስክሪን ላይ ሰባ ሁለት ታየ። «ተመልከቱ» አለ፣ «የረጋ ልብ!»

ከግድግዳው ወዲያ እሷ ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ እንደ ሕፃን በቁመቷ ትዘል ጀመር። ሬዲዮ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በሻርፗ አፈነች።

ዘጠና። መቶ ሃያ። መቶ ስልሳ። ሥራ አስኪያጁ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል።

ከገዢዎቹ አንዷ ሐኪም ናቸው፤ ብድግ አሉ። «አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ!»

«አይናገሩ! ጋደም ይበሉ!»

«ደስታ ነው፣ ምንም አይደለም፣ ደስታ ነው» አለ የእህቷ ባል፣ ላቡ በአዲሱ ሸሚዝ ላይ እየወረደ።

ያኔ ባትሪውን አወጣችው። ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

«ሞትኩ እንዴ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

በባዶ እግሯ፣ እያለከለከች ገባች። ሁሉም እያዩ ባትሪውን መለሰች፤ ስክሪኑ ነፍስ ዘራ። «ይሄ የእኔ ልብ ነው» አለች። «የእሱ አምባር አፍ የለውም።» ሐኪሟ የእጇን አንጓ ይዘው ቆጠሩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ «ልክ ነው» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ!» አለች ሬዲዮ ከበሩ ላይ።

ጠረጴዛዋ ተመለሰላት፤ እሱ ወደ ቅሬታው ክፍል ሄደ። ማታ እህቷ ደወለች።

«ለብቻው ብትነግሪው ምን ነበረበት? ባሌን በሰው ፊት!»

«እኔንስ የት ነበር የሚስቅብኝ?»

ስልኩ ተዘጋ፤ እስካሁን እንደተዘጋ ነው። እናቷ «ተይ ልጄ፣ የእህትሽን ቤት አታቀዝቅዢ፣ ይቅር በይው» ይሏታል። «እሺ እማዬ» ትላለች። እሺ ማለት ቀላል ነው።

አሁን ቅሬታ ሲመጣ ደውሎ ለእሷ ማስተላለፍ የእህቷ ባል ግዴታ ነው። ድምፁ ዝቅ ብሎ ይመጣል። «አንድ ደንበኛ... አልያያዝ ብሎኛል ይላሉ።» ገና ሳይጨርስ የአምባሩ ሕመም የት እንዳለ ገብቷታል። ደንበኛው ምን አጠፋ፤ ቆይታ ራሷ ደውላ ታስተካክልለታለች። ለእሱ ግን፦

«አጥፍተው ያብሩት በላቸው።»

ድምጿ የረጋ ነው። አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። ፊት ለፊቷ ባለው ስክሪን ላይ ግን ትርታዋ፣ ምንም ደረጃ ሳትወጣ፣ መቶን አልፎ ይጋልባል።