የቄስ ወልደ ሩፋኤል ሕመምና የአጥቢያው ፍርድ

ዛሬ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓመተ ምሕረት፣ እኔ ቻላቸው ጥጋቡ እንግዳ፣ በእስቴ ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቀው አጥቢያ ጭቃ ሹም፣ ይህን በገዛ እጄ ጻፍሁ። ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈም፤ ሆኖም ያላየሁትን አልጽፍም፣ የሰማሁትንም ቶሎ አላምንም።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሠላሳ ዓመት ቀድሰዋል። ስድሳ አምስት ሲሞላቸው ሽንታቸው እየቀጠነና እየተቆራረጠ፣ ሌሊት አምስት ጊዜ የሚያስነሣቸው ሆነ። ቀዳሽ ደግሞ መቅደስ ከገባ ቅዳሴው ሳይፈጸም አይወጣም። ስለዚህ መላ አገኙ፤ ውሃ መጠጣት ተዉ፣ የመጣውንም ሽንት አምቀው ያዙ። ይህ ጥበብ እስከ ኅዳር ሚካኤል ሠራ። በዚያ ቀን በቅዳሴው መካከል ወጥተው ከቅጥሩ ሥር ቆሙ።

አጥቢያችን በሐኪም የበለጸገ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም በሽታውን ለየ። የሽንት ሕመም ጨብጥ ነው፤ ጨብጥ ከሌላ ሴት ይመጣል፤ ከሚስቱ ውጭ ወደ ሌላ ሴት የደረሰ ቄስ ክህነቱ ይፈርሳል። ይህን መሰላል ያቆሙት የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ገበዝ ታፈረ ነበሩ፤ በዕድሜ ከቄሱ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም። በንግግራቸው መካከል ወደ ዛፍ ሥር እየሄዱ ይመለሱ ነበር፤ እኛም የቁጣ ብዛት ነው አልን።

የቄሱ ሚስት እመት ውዴ ነገሩን ለማየት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ቀረቡ።

«አባቶቼ፣ ቄሱ ሌሊት አምስት ጊዜ ይወጣሉ፤ አምስቱንም ጊዜ ከጎተራው ሥር ቆመው ሲያቃስቱ እሰማለሁ። ኃጢአቱን በስድስተኛው ይሆን የሚሠሩት?»

ገበዝ ታፈረ ያን ጊዜ ዛፉ ሥር ነበሩ።

በዐቢይ ጾም መግቢያ የቄሱ ሽንት ጨርሶ ቆመ። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ በቃሬዛ ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ከሁለት ወር በኋላ በእግራቸው ተመለሱ፤ ጨብጥ የለባቸውም የሚል ወረቀትም ይዘው ነበር። ገበዝ ታፈረ ወረቀት ይገዛል አሉ፤ ነገሩ እስኪጣራም ቄሱ መቅደስ እንዳይገቡ አገዱ። ከዚያ በርስት ክርክር ይግባኝ አለብኝ ብለው ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። አጣሪ ሆኜ የተመረጥሁት እኔ ስለ ነበርሁ በማግስቱ ተከተልሁ።

ሐኪሙ በአስተርጓሚ አስረዳኝ። በወንድ ሁሉ ከፊኛ በታች፣ የሽንቱን ቦይ ከብባ የምትቀመጥ ዕጢ አለች፤ በሽምግልና ታድጋለች፣ ስታድግም ቦዩን ታንቃለች። ይህ እድገት ነቀርሳ አይደለም፣ አይጋባም፣ ከሴትም አይመጣም። ጥቂት ያደገችበት ሰው ማታ መጠጥ ቀንሶ፣ ሽንት ሳይዝ፣ እየተመረመረ ይኖራል። የቄሱ ግን ፈጽማ ስለ ዘጋች መጀመሪያ በቀጭን የጎማ ቱቦ ሽንቱን አወጣ፤ ኋላም ሆዳቸውን ከፍቶ ያደገውን ሥጋ አወጣ። ሽንት ማመቃቸው ረድቷቸው እንደሆነ ብጠይቅ፣ ሊገድላቸው ነበር አለ።

አላመንሁትም። «በድንግልና የኖረ ሰውስ?» አልሁ።

«ከውጭ አግዳሚው ላይ አንድ መነኩሴ አሉ፤ እርሳቸውን ጠይቋቸው።»

ወጣሁ። መነኩሴው ከልጅነታቸው ጀምሮ በገዳም የኖሩ ናቸው፤ ሕመሙም ያው ነበር። ከጎናቸው ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡት ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ገበዝ ታፈረን ግን በጀርባቸውም አውቃቸዋለሁ።

«ቻላቸው፣» አሉኝ ሳይዞሩ፣ «የይግባኙ ተራ ገና አልደረሰኝም።»

«መልካም። ቄሱስ እሑድ መቅደስ ይግቡ?»

«ይግቡ» አሉ፤ ተነሥተውም ወደ ጓሮ ፈጠኑ።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ባለፈው እሑድ ቀደሱ፤ ሳይወጡም ፈጸሙ። እኔም ከደብረ ታቦር ሳልነሣ ፍርድ ቤቱ ድረስ ሄጄ ጸሐፊውን መዝገብ አስገልጬ ነበር፤ በገበዝ ታፈረ ስም የቀረበ ይግባኝ የለም።