ባሩድ ያልቀመሰች ጥይት

የሮማ ኅዳር ጭቃ ነው። ሌሊቱን ይዘንብና ጠዋት ያባራል፤ አዳኝ የሚወደውም ይህንኑ ነው፣ እርጥብ መሬት ኮቴ አይደብቅም። ቅድም «እትዬ አስካለ ከርከሮ ገድለዋል የሚባለው እውነት ነው?» እያላችሁ ስትሳሳቁ ሰምቻችኋለሁ። እውነት ነው። ስልካችሁን ወደዚያ አድርጉና ስሙኝ።

ያኔ ባዳንቴ፣ የሽማግሌ አስታማሚ ነበርኩ። የምጦራቸው ሰው ሲኞር ኤቶሬ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቺንጊያሌ፣ ያው ከርከሮ፣ ሲያድኑ የኖሩ፣ ሚስት የሞተችባቸው ሽማግሌ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጠብመንጃ ተዉ፤ ጠብመንጃ ሲተዉ ምግብም ተዉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መዋል ሆነ ሥራቸው። እኔ ደግሞ የአዳኝ ልጅ ነኝ፣ ከወደ አርማጭሆ። አንድ ቀን አላስችል ቢለኝ «ሲኞር፣ እኔ ብተኩስ፣ እርስዎ አጠገቤ ቢቀመጡስ?» አልኳቸው። ከግድግዳው ዞር አሉ። የአደን ፈቃዱን፣ ሊቼንሳውን፣ ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው ያዝኩት።

ሲኞር የሱቅ ጥይት አይወዱም። «ጥይቱን ራሱ ያልሞላ ምኑን አዳኝ ሆነ» ይላሉ። ስለዚህ ኤስኲሊኖ ሰፈር ከሚኖሩ አንዲት ሴትዮ የሟች ባላቸውን ጥይት መሙያ ገዛን። ትራም ውስጥ አቅፌው ስመጣ አንዷ የፓስታ ማሽን መስሏት ዋጋውን ጠየቀችኝ። እጀታው ዝጓል፣ መመሪያውን አይጥ በልቶታል፤ ደግነቱ ሲኞር ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል። እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ይናገራሉ፣ እኔ እሠራለሁ። ከተተኮሰችው ቀለሃ ቂጥ የተቃጠለችውን እሳት ጫሪ ቆብ አውጥቶ አዲስ መትከል፣ ባሩድ መዝኖ መጨመር፣ በውታፍ መድፈን፣ የእርሳስ አረሩን ማስገባት፣ መጨረሻ አፏን ማጠፍ። የመጀመሪያዎቹ አፋቸው እንደ ጀማሪ ሳምቡሳ ተንሻፎ ነበር። ሲኞር ሳቁ። ከሚስታቸው ሞት ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሌላ አበላሸሁ።

ሕጋቸው ግን ቀልድ አያውቅም። «አንድ ረድፍ ከጀመርሽ አትነሺም፤ ፓፓው ራሳቸው ቢመጡ አትነሺም። ውታፍ ሳታስገቢ ደግሞ እያንዳንዷ ቀለሃ ባሩድ መያዟን በባትሪ እዪ፤ ቫ ቤኔ?» እኔም ቫ ቤኔ፣ እሺ አልኩ።

ከአደኑ በፊት በነበረው ሐሙስ የመጡት ፓፓው ሳይሆኑ የነፍስ አባቴ ናቸው። ሲኞርን ሊጠይቁ ነው የመጡት። አባ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ያሳደገኝ ሰው ምን ይለኛል? የባሩዱን ማንኪያ አስቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ መስቀል ተሳለምኩ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ተጠያየቅን። ተመልሼ ስቀመጥ ባትሪውን ረስቼ ከውታፉ ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በብራቻኖ ሐይቅ በኩል ካለው ጫካ ገባን። ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰናል። ተኳሾቹ በመስመር ቦታ ቦታችንን ያዝን፣ ውሾቹ ከማዶ ተለቀቁ። ሲኞር ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ከጎኔ ተቀምጠዋል። ጭቃው ላይ የከርከሮ ኮቴ አሳዩኝ፤ ጠርዙ ገና አልፈረሰም። የዋርካ ያህል በገዘፈ ዛፍ ላይም ገላውን ያሸበት ጭቃ አልደረቀም። «ትልቅ ነው፣ ብቸኛ ነው» አሉ በሹክሹክታ። ዓይናቸው የሃያ ዓመት ልጅ ዓይን ሆኗል።

ቁጥቋጦው ተሰነጠቀና ወጣ። ጥቁር፣ ትከሻው ወገቤ ድረስ የሚሆን። ጠብመንጃው ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው፤ በስማም ብዬ የቀኙን ቃታ ሳብኩ። ፕፍ አለ። እንዲያው የጠርሙስ ቆርኪ ያህል። ደንግጬ የግራውን ሳብኩ፤ እሱ ጮኸ፣ ግን ጆሮውን ብቻ ጫረው። አውሬው ዞረና መጣ፣ ወደ እኔ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ወንበሩ። ሲኞር ደግሞ ያለ እኔ እጅ ከወንበር አይነሱም።

ጠብመንጃውን ከወገቡ ሰብሬ ከፈትኩ። ቀኙን ከኋላው አሾልቄ ሳየው ብርሃን የለም፤ ባሩድ ስላልገፋው እርሳሱ መንገድ ላይ ቀርቷል። አዲስ ጥይት ይዤ እጄ ወዴት ሄደ መሰላችሁ? ወደ ቀኝ። ቤታችን ሁሉ ነገር በቀኝ ነው የሚጀመር፤ ስወጣም «በቀኝ አውለኝ» ብዬ ነው የወጣሁት። በተደፈነው ብተኩስ አፈሙዙ ፊቴ ላይ ነበር የሚፈነዳው።

«ሲኒስትራ፣ አስካለ። ሲኒስትራ» አሉ ሲኞር፤ በግራው ማለታቸው ነው። አልጮሁም። ከርከሮው አሥር እርምጃ ሲቀረው፣ ማንኪያ አቀብዪኝ እንደሚሉኝ አድርገው ነው የተናገሩት። ከግራው ከተትኩ፣ ዘጋሁ፣ ተኮስኩ። ወንበሩ እግር ሥር መጥቶ ተዘረረ፤ የሲኞርን ብርድ ልብስ ጭቃ አለበሰው።

አባቴ ቢሆን ይፎክር ነበር። እኔ እልል አልኩ። አዳኞቹ ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ መጡ፤ ያገኙት ግን ጭቃ የለበሱ ሽማግሌ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ነው። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ሥጋውን አልቀመስኩም፣ እንደምታውቁት አንበላም፤ የሲኞር ራጉ፣ የሥጋ ወጣቸው፣ ላይ ጨው በግምት ነው የጨመርኩት። እሳቸው ሁለት ሳህን በሉ።

አፈሙዙን አርማዮሎ፣ ጠብመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ወስደን እርሳሷን አስወጣን። የቀሩትን የዚያን ሐሙስ ጥይቶች በሙሉ ፈታናቸው፤ ባሩድ ያልቀመሰችው ያቺ ፕፍ ያለችው ብቻ ነበረች።

በሳምንቱ አባ ደግመው መጡ። ረድፉ መሐል ላይ ነበርኩ። ልቤ ተነሳ፣ እኔ ግን አልተነሳሁም። «አባቴ ይፍቱኝ፣ ስድስት ቀርተውኛል» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። ሲኞር በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ባትሪውን ያበራሉ፣ እኔ በየቀለሃው አያለሁ፣ አባ መስቀላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የመጨረሻዋን አፍ አጥፌ ተነሳሁና ተሳለምኩ።

«ማነው እንዲህ ያስጨከነሽ?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

እርሳሷን ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩ፣ ታሪኩንም ነገርኳቸው። አገላብጠው አዩዋትና በመስቀላቸው ባረኳት።

ይህችውና። ተቀባበሏት፣ ግን መልሱልኝ።