የዘይት ጠብታና የአያ ጅቦ ማር

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት እጁ ናፍታ ከሚሸት ሰው ነው። አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቤታችን በር አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ሞተር ሳይክል ይጠግን ነበር። ያኔ፣ የቀኑ ሙቀት በረድ ብሎ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ፣ መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጥና ከሰል ምድጃው ዙሪያ ይሰበስበናል፤ ፍሙ ላይ የበቆሎ እሸት እየተንጣጣ፣ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ፋኖሱ ጥላችንን ቆርቆሮው ላይ እያወዛወዘ፣ እኔና ሁለቱ እህቶቼ ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም ንቅንቅ ሳንል እንሰማዋለን።

ብዙ ተረት አያውቅም ነበር። የሚደጋግማት አንዲቷን ነው። አያ ጅቦ ተርቦ ሲዞር አንድ ድንጋይ ላይ የማር ጠብታ አገኘና ላሰ። በማግስቱ ተመልሶ ሲመጣ ጠብታው እንደገና አለ፤ በየቀኑ እየመጣ ላሰ። አንድ ቀን «ማር የሚያፈልቅ ድንጋይ አገኘሁ!» ብሎ ድንጋዩን ፈነቀለው፤ ከሥሩ ማር ሲያጣ መሬቱን ቆፈረ፤ ቆፍሮ ቆፍሮ ከጉድጓዱ መውጣት አቃተው። ያን ጊዜ ጦጣ ከድንጋዩ በላይ ካለው ዛፍ ላይ፣ ማሩ ከሚንጠባጠብበት ቀፎ አጠገብ ሆና እየሳቀች…

አባቴ እዚህ ሲደርስ ተረቱን ለእኛ ይተወዋል። ሦስታችንም አንድ ላይ «አያ ጅቦ፣ ቀና በል!» ብለን እንጮሃለን። ከእህቶቼ ሁሉ አብዝቼ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ተረቷ ከሥራው የወጣች መሆኗ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ይዞ የመጣ ደንበኛ ከታች ያለውን ቡሎን እያሳየ «ይኸው፣ እዚህ ነው የሚያፈሰው» ሲለው፣ አባቴ «እዚህማ የሚንጠባጠብበት ነው፤ የሚያፈስበትን ገና አላየነውም» ይል ነበር። ሞተሩን በናፍታ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ከዚያ ዱቄት ይነሰንስበታል። ጥቂት ነድቶ ሲመለስ ዱቄቱ ላይ የረጠበውን መስመር ከታች ወደ ላይ በጣቱ ይከተላል። መስመሩ የሚያልቅበት፣ ከሁሉ በላይ ያለችው እርጥብ ነጥብ፣ የሚያፈስባት ቦታ እሷ ናት። እናቴ ግን የሚያንገበግባት ዱቄቷ ነበር።

«የሰው አፍ እያለ ብረት ታበላለህ?»

«ወላሂ፣ ከአንቺ ዘመዶች ያነሰ ነው የሚበላው» ይላታል።

ባሌ ሰይድ ይህን ሁሉ ከእኔ አፍ ሰምቷል። የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ከደሴ ተነስቶ አንድ ቀን ሐርቡ፣ አንድ ቀን ቢስቲማ የምታደርሰው አሮጌ ሞተር ሳይክሉ ነበረች። ባለፈው ክረምት ዘይት ማፍሰስ ጀመረች። በረንዳው ላይ ከሥሯ ካርቶን አነጠፍኩላት፤ ጠዋት ጠዋት ጥቁር ክብ ታትሞበት እናገኛለን። ጠጋኞች የታችኛውን ቡሎን ሁለት ጊዜ ቀየሩ፤ የጎኑን ክዳን ፈትተው አጠበቁ። ክቡ አልቀረም። እኔ ዘይቱ ጎማው ላይ ፈስሶ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ሰይድን እንዳይጥልብኝ እየፈራሁ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቅዳሜ ሰይድ እጅጌውን ሰበሰበና «በይ ዘይኔ፣ የአባትሽን ሐኪምነት አውጪው» አለኝ።

«ጤፍ ነው ስንዴ የምትበላው?»

«የገጠር ልጅ ናት፣ ማሽላም አትጠላም።»

አጠብናት፣ አደረቅናት፣ ዱቄት ነሰነስንባት። እስከ አስፋልቱ ነድቷት ተመለሰ፤ ከአስፋልቱ ወደ ቤታችን ያለችውን አቀበት ግን ሞተሯን አጥፍቶ እየገፋ ነው የወጣት፣ ዱቄቱ በአቧራ እንዳይበላሽ። ተንበርክኬ እርጥቡን መስመር ከታችኛው ቡሎን ጀምሬ በጣቴ ተከተልኩ፤ በሞተሩ ጀርባ፣ ዓይን በማያየው በኩል፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ እላይኛው ክዳን ሥር ቆመ። ክዳኑ ሥር ያለው የጎማ ማሸጊያ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር።

«ሰይዶ፣ ቀና በል!» ብዬ ጮህኩ።

ሳቀ። እየሳቀ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ከደረቱ ሥር፣ ከሆዱ በላይ ያለውን ቦታ በመዳፉ ያዘ። «ይህቺ ጨጓራ» አለ። አዲስ ነገር አልነበረም። ያችን አቀበት በወጣ ቁጥር ያመዋል፤ ሲያርፍ ይተወዋል። ግራ ክንዱን ሲያመው ደግሞ «የሞተሯ መሪ ነው» እንላለን። ወራት ሙሉ በርበሬ ከልክዬ ተልባ ሳጠጣው ኖሬአለሁ። ያን ቀንም፣ በዘይት የቆሸሸ እጄን ታጥቤ፣ ተልባውን በጥብጬ ሰጠሁት። ጠጣና «አላህ ይስጥሽ» አለኝ።

እሑድ ማሸጊያውን ቀየረ። ሰኞ ረፋዱ ላይ የሥራ ባልደረባው ከኮምቦልቻ ደወለልኝ።

«ሞተሯ ጣለችው?» አልኩ።

«ኧረ ሞተሯ ደህና ናት፤ ራሱ ዳር ይዞ አቆማት። ብቻ ቶሎ ነይ።»

ሐኪም ቤት ስደርስ ሕይወቱ አልፋ ነበር። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ዓይኔን ማየት ፈርቶ ነበር።

«እህቴ፣ ዳገት ሲወጡ ያማቸው ነበር?»

«ጨጓራውን።»

«ሲያርፉስ?»

«ይተወዋል።»

«ክንዳቸውንስ?»

«እሱ መሪው ነው፣ ሞተር ሲነዳ…» አልኩ።

«ልባቸው ነበር» አለኝ። «አንዳንድ ሰው ላይ ሕመሙ ወደ ሆድ ወርዶ ይሰማል።»

«ወርዶ» አለኝ። ሌላ የሰማሁት ነገር የለም። አብረውኝ የመጡት የጎረቤት ሴቶች ደግፈው ሲያስወጡኝ ባልደረባው ሞተር ሳይክሏን ግቢው ውስጥ አቁሟት አየሁ። ለምን እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከእጃቸው ወጥቼ ሥሯ ተንበረከክሁና ሲሚንቶውን በመዳፌ ዳሰስኩት። ደረቅ ነበር። አንዲት ጠብታ እንኳ አልነበረችበትም።

ካርቶኑን እስካሁን ከበረንዳው አላነሳሁትም። ጎረቤት ሆዴን አመመኝ ስትለኝ ተልባ አልሰጣትም፤ «ዳገት ስትወጪ ነው?» እላታለሁ፣ ሐኪም ቤት ካልሄድሽ እያልኩ እስክሰለቻት እነዘንዛታለሁ። ከአባቴ ተረት ግን የቀረልኝ እንደ ያኔው ሳቅ አይደለም። ያኔ ከፍሙ ዳር ሆኜ አያ ጅቦን ሞኝ እለው ነበር። አሁን ሳስበው ማሩ በየቀኑ እዚያው ድንጋይ ላይ ይጠብቀው ነበር፤ እሱም በየቀኑ እየመጣ፣ እየወደደ፣ እዚያው ይልስ ነበር። ቀና በል የሚለው ደግሞ ጉድጓዱ ካለቀ በኋላ ነው የመጣው።