የሰንበሌጢት ቦይ የውሃ ተራ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ ዕቃ ቁጥር አርባ ሦስት ቦቲ ጫማ ነበር። የእኔ እግር ሠላሳ ሰባት ነው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሁለቱን ጫማ ጠረጴዛ ላይ አቆመና "ካልሲ ደርቢበት" አለኝ። "ስንት ካልሲ?" ብዬ ስጠይቀው "እስኪሞላ" አለ።

አለቃዬ አቶ መስፍን የወረዳው የመስኖ ዴስክ ኃላፊ ነበሩ። ስለ ጫማው አቤት ልል ቢሯቸው ገባሁ። ቀና ብለው አዩኝና "ምን ላድርግ ዘይነባ፣ ስትታቀጂ ወንድ ነበርሽ" አሉኝ። እንደተረዳሁት በዓመቱ ዕቅድ የተያዘው አንድ ወንድ ቴክኒሺያን ነበር። ጫማው እንደ ዕቅዱ መጣ፤ እኔ ግን ከዕቅዱ ውጭ ከወሎ መጣሁ።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ ሰንበሌጢት የምትባል ትንሽ ወንዝ ከምትወርድበት ቀበሌ ተመደብኩ። አቶ መስፍን ራሳቸው ወስደው ከገበሬዎቹ ጋር አስተዋወቁኝ። ከፊት የተቀመጡት ጋቢ የደረቡ ትልቅ ሰው "ማን ልበል?" አሉኝ።

"ዘይነባ።"

"ዘነበች?"

"አይ፣ ዘይነባ።"

"እሰይ! መስኖ ሥሩልን ብንል ዝናቧን ራሷን ላኩልን!" ብለው ወደ ሰዉ ዞሩ። ሳቁ ሲያባራ እኔ ዘነበች ሆኜ ነበር፤ እስከ ጡረታዬ ድረስም በዚያ አገር ሌላ ስም አልነበረኝም። ስሙን ያወጡልኝ ሰው አያ ገበየሁ ይባላሉ። በቀበሌው እንደሳቸው ያለ ድንች አምራች አልነበረም። እንደሳቸው ጮክ ብሎ የሚናገርም አልነበረም።

ጎጃም ላይ ቆሞ ውሃ አነሰን ማለት ለሰሚው ያስቃል። ክረምት ላይ ሰማዩ ይቀደዳል፣ በቅሎ ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዷ ትገባለች፣ ሰንበሌጢትም ድንጋይ እያንከባለለች ትወርዳለች። የካቲት ሲገባ ግን ያቺው ወንዝ ሴት ልጅ ቀሚሷን ሳትሰበስብ የምትሻገራት ትሆናለች። የእኛ ሥራ በሁለቱ መካከል ነበር። ተራራው ላይ እርከን እንሠራለን፣ ክረምቱ አፈሩን ይዞ እንዳይሄድና ውሃው ወደ መሬት እንዲሰርግ። በጋ ላይ ደግሞ የቀረችውን ውሃ ጠልፈን በቦይ እንመራለን።

ጠለፋውን ከገበሬዎቹ ጋር ሠራነው። ድንጋዩን እነሱ ተሸከሙ፣ ሲሚንቶውን መሥሪያ ቤቱ ሰጠ፣ እኔ ውሃ ልክና ሲባጎ ይዤ የቦዩን ቁልቁለት ስለካ ከረምኩ። ድሮ ውሃው ለላይኛው ጎጥ ብቻ ነበር የሚደርሰው። አሁን ቦዩ ረዝሞ ታችኛው ጎጥ ድረስ ወረደ። መከፋፈያው ላይ ሁለት የብረት መዝጊያ አስገጠምን፤ አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች። ሁለቱም በቁልፍ የሚዘጉ ነበሩ። ቁልፉን የሚይዝ የውሃ አባት ይመረጥ ሲባል አያ ገበየሁ ተመረጡ። የእሳቸው ማሳ ላይኛው ጎጥ ነው።

ተራው እንዴት ይሁን የሚለውን በጥቅምት ስብሰባ ራሳቸው ወሰኑ። ከንጋት እስከ ቅዳሴ መውጫ የላይኞቹ፣ ከቅዳሴ መውጫ እስከ ማታ የታችኞቹ። አቶ መስፍን በጣም ደስ አላቸው። "ባህልን መሠረት ያደረገ ነው" አሉና አጸደቁት።

የውሳኔው ጣጣ የገባኝ ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። እኔ እስላም ነኝ፤ የቅዳሴን ሰዓት ከየት አውቄ? ከጾም ውጭ ቅዳሴ ማለዳ ገብቶ ረፋድ ላይ ይወጣል። ቅዳሴ በሌለበት ቀንም ረፋዱን በፀሐይ ገምተው ውሃውን ይቀይሩ ነበር። በዐቢይ ጾም ግን ከቅዳሜና እሑድ በቀር ቅዳሴው እኩለ ቀን ላይ ይገባና የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ያ ደብር ደግሞ ጾሙን ሙሉ በየቀኑ ይቀድሳል። ላይኞቹ ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያጠጣሉ፤ ታችኞቹ በተረፈቻቸው ሰዓት ማሳቸውን ሳያዳርሱ ይመሽባቸዋል።

አቤቱታውን መጀመሪያ ያመጡት የታችኛው ጎጥ እትዬ አንጓች ናቸው። ለይጁቤ ገበያ ያሰቡት ቀይ ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ማሳቸው ዳር ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ ዘነበች፣ ምን አባቴ ላድርግ? ቅዳሴው ረዘመብኝ ብል ኃጢአት ነው። አልረዘመብኝም ብል ሽንኩርቴ ሞተ" አሉኝ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። የታችኛው ጎጥ ሰው ሁሉ ተናዷል፣ ግን ቅዳሴ ረዘመ ብሎ አፉን የሚከፍት ጠፋ።

አያ ገበየሁ በበኩላቸው በዚያ ጾም ታይቶ የማይታወቅ መንፈሳዊ ሰው ሆኑ። ካህናቱን በመንገድ ባገኙ ቁጥር ጉልበት ይስማሉ። "የዘንድሮ ቅዳሴ ምንኛ ጣመ! ምነው ግን አቻኮላችሁት? ለእግዜር ነገር ምን ያስቸኩላል?" ይላሉ። ለቆሎ ተማሪዎቹ የተቀቀለ ድንች በቁና ላኩላቸው፤ ድምፃችሁ እንዳይደክም ብለው ነው አሉ።

እኔ መፍትሔ ብዬ ያሰብኩት ሰዓት ነበር። አያ ገበየሁን "በሰዓት እንቀይር" ብላቸው "በማን ሰዓት?" አሉኝ። በእኔ አልኩ። "የሴት ሰዓት ትንሽ ናት፣ ከሩቅ አትታይም" አሉ። አንድ የታችኛው ጎጥ ጎልማሳ ደግሞ ውሃውን ሁለት ቦታ ከፍለን ለምን ቀኑን ሙሉ እኩል አንወስድም አለ። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ቦዩ የአፈር ነው። ትንሽ ውሃ ለሁለት ስትከፈል መንገድ ላይ መሬት ይጠጣታል፤ ታችኛው ጎጥ ስትደርስ ጭቃ ናት። ውሃ ሳይባክን እንዲደርስ አንድ ላይ በተራ መሄድ አለበት። ይህን ሳስረዳ ጎልማሳው "እንግዲያው ዱላ ነው የቀረን" ብሎ ሄደ።

አልዋሸም። በማግስቱ እኩለ ቀን አልፎ ታችኞቹ ዱላ ይዘው ወደ መከፋፈያው ወጡ። ላይኞቹም ሰምተው ኖሮ ዱላ ይዘው ወረዱ። እኔ መሃል ልገባ ስሮጥ መዝጊያው ሥር ካለው ማጥ ውስጥ ገባሁና ሁለቱም ቦቲዎች ተቀበሩ። ልወጣ በታገልኩ ቁጥር እሰምጣለሁ። በግራ በቀኝ ስድብ ይወርዳል፤ እኔ በመሃል እስከ ጉልበቴ ቆሜ "ኧረ በአላህ! ኧረ በእግዜር!" እላለሁ። መጨረሻ ላይ አያ ገበየሁ "ቆይ እስቲ መጀመሪያ ይቺን ልጅ እናውጣ፣ የመንግሥት ዕቃ ናት" አሉ። ላይኞቹ በአንድ እጄ፣ ታችኞቹ በሌላው ሳቡኝ። እግሬ ከነካልሲው ወጣ፣ ጫማው እዚያው ቀረ። ዱላቸውን አስቀምጠው ጫማ ቁፋሮ ገቡ። ተቆፍሮ ሲወጣ ንዴቱ ለዚያ ቀን በርዶ ነበር። ነገ ግን እንደሚመለሱ ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያው ዕለት ሳይመሽ ወደ መሪጌታ ይትባረክ ሄድኩ። የደብሩ የዜማ መምህር ናቸው፣ በሁለቱም ጎጥ ይከበራሉ። ከቅዳሴ ወጥተው ከተማሪዎቹ ጎጆዎች ደጃፍ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉዳዩን እንዴት እንደምጀምር ቸግሮኝ ስለ ጤናቸው ሦስቴ ጠየቅሁ።

"ደህና ነኝ ብያለሁ እኮ። ተናገሪ" አሉ።

"መሪጌታ፣ ስለ ቅዳሴ መውጫ ነበር..."

ዝንብ እየመቱ ሰሙኝ። ስጨርስ "ስለ ቅዳሴ ልትጠይቀኝ የመጣች እስላም አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ" አሉና ሳቁ። ቀጥለው "ይህ ሁሉ ድንች ምን ቢሆን ነው ስል ነበር" አሉ። ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና "ስሚ፤ መውጫውን እኛ እናረዝመዋለን፣ እናሳጥረዋለን። ዜማ ነው፣ ሰው ነው። መግቢያውን ግን በጥላችን በእግር ለክተን ነው የምንገባ። ፀሐይ ደግሞ ድንች አትበላም" አሉኝ።

ቅዳሜ ከሁለቱ ጎጥ ሰው ተሰበሰበ። መሪጌታ በጾም ተራው በመግቢያው ደወል ይቀየር ብለው ሐሳብ አቀረቡ። እኩለ ቀን ማለት ነው፤ ቀኑ በትክክል ለሁለት ይከፈላል። አያ ገበየሁ ተነሡ። "መሪጌታ፣ እኔ ለውሃው ብዬ አይደለም። በቅዳሴ መውጫ መሆኑ በረከት አለው ብዬ ነው። እኔ ቅዳሴ እወዳለሁ" አሉ።

"መውደድህንማ ሰምቻለሁ" አሉ መሪጌታ። "ለመሆኑ ትናንት ወንጌሉ ምን ይል ነበር?"

አያ ገበየሁ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ትናንት እንኳ... ራቅ ብዬ ቆሜ ስለነበር በደንብ አልሰማሁም።"

"የት ቆመህ?"

"ድንቹ ውስጥ!" አሉ እትዬ አንጓች ከሴቶቹ መሃል። ሰዉ ፈነዳ። አያ ገበየሁ ሊቆጡ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ እሳቸውም ሳቁ። ውሳኔው እዚያው ጸደቀ።

ቁልፉን ሌላ ሰው ይያዘው የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። የተቃወሙት እትዬ አንጓች ራሳቸው ናቸው። "እሱው ይያዘው። ውሃ የሚሰረቅበትን መንገድ አንድ ሳይቀር ያውቃል፤ እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው እንዲሰርቅ አይፈቅድም" አሉ። እንዳሉትም ሆነ። አያ ገበየሁ ደወሉ ሲደወል ከመዝጊያው ላይ የማይታጡ ሰው ሆኑ። የራሳቸውን ወንድም ጥቂት ውሃ አሳለፈ ብለው ሸንጎ አቆሙት።

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ አቶ መስፍን በሩጫ መጡ። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊጎበኙን ነው፣ ፕሮግራሙም ታችኛው ጎጥ ላይ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። "ጠዋት ተራው የላይኞቹ ነው፣ ቦዩ ደረቅ ይሆናል" አልኳቸው። "ለአንድ ቀን ይለቀቃላ! ምን ችግር አለው?" አሉ።

በቀኑ አራት ሰዓት ሁለት መኪና መጣ። ቦዩ አቧራ ነው። አቶ መስፍን ላባቸውን እየጠረጉ እኔን አስከትለው ወደ መከፋፈያው ወጡ። አያ ገበየሁ መዝጊያው ላይ ተቀምጠዋል።

"አያ ገበየሁ፣ ውሃውን ወደ ታች ይልቀቁልን።"

"ደወሉ አልተደወለም።"

"እንግዶች መጥተዋል እኮ!"

"እንኳን ደህና መጡ። ሲደወል ይለቀቃል።"

አቶ መስፍን ጠጋ ብለው "ይስሙኝ፣ እነዚህ ተራ ሰዎች አይደሉም" አሉ።

"ተራ ሰዎች ካልሆኑማ" አሉ አያ ገበየሁ ቁልፉን ኪሳቸው እየከተቱ፣ "ተራ የላቸውም።"

አቶ መስፍን እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ፤ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ ነበር። እንደ መጨረሻ ዕድል ወደ እትዬ አንጓች ሄዱ። ማሳው የእርስዎ ነው፣ ውሃው ለእርስዎ ነው፣ እባክዎ ይንገሯቸው ብለው ለመኑ። እትዬ አንጓች "የዛሬ ጠዋትን ከወሰድኩ የነገ ከሰዓትን ይወስዱብኛል። ይቅርብኝ" አሉ።

እንግዶቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሰዓት ሲገፋ ፎቶ አንሺያቸው ሰለቸውና ቢያንስ ቦዩን እናንሳ አለ። የቡድኑን መሪ፣ ጥቁር የከተማ ጫማ ያደረጉ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ደረቁ ቦይ ውስጥ አቆማቸው። አቶ መስፍንም አጠገባቸው ገቡ። "ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ፈገግ" ሲል ከላይ ደወሉ ተደወለ። እኔ "ይውጡ!" ብዬ ጮኽሁ፤ እነሱ ግን ሌላ አንድ ፎቶ፣ ሌላ አንድ እየተባሉ እዚያው ቆዩ። ውሃው ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ መጥቶ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሞላ።

አቶ መስፍን ፊታቸው አመድ መሰለ። መሪው እግራቸውን አንድ በአንድ አንሥተው አዩና "ውሃው ታችኛው ተጠቃሚ ድረስ መድረሱን አረጋግጠናል" አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ለቀቃቸው። ከሰዓት በኋላ እርጥብ ካልሲያቸውን ድንጋይ ላይ አስጥተው አያ ገበየሁን ስለ ተራው ሲጠይቁ አመሹ። አያ ገበየሁም ደንቡን ከሥር ከመሠረቱ አስረዷቸው። ስለ ወንጌሉ የተጠየቁባትን ቅዳሜ ግን ዘለሏት።

የእትዬ አንጓች ሽንኩርት ከፋሲካ በኋላ ይጁቤ ገበያ ወጣ። ግማሹ ደቃቃ ነበር፣ ግማሹ ጥሩ። አቶ መስፍን ለሁለት ሳምንት አኮረፉኝና በሦስተኛው ሌሎች ቀበሌዎችም ተራቸውን በምን እንደሚቀይሩ ጠይቄ እንድመጣ ላኩኝ። ጡረታ እስክወጣ ብዙ ቦይ ሠርቻለሁ። አንዳንዱ በጎርፍ ፈርሷል፣ ብዙው ግን የተበላሸው በጎርፍ ሳይሆን በጠብ ነው።

ለአዳዲስ ባለሙያዎች የምለው ይህን ነው። የቦዩን ቁልቁለት ከመለካታችሁ በፊት ተራው በምን ምልክት እንደሚቀየር ጠይቁ። ምልክቱ ሁለቱም ወገን እኩል የሚሰማው፣ አንዳቸውም ሊያረዝሙት የማይችሉት መሆን አለበት።