በገዛ ለቅሷቸው ላይ የተገኙት አያ ሞገስ

አላምንም።

ጠዋት የአያ ሞገስ ልጅ ብርቱካን ደውላ «አባዬ አረፈ» ስትለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «እስቲ በደንብ አጣሩ» የሚል ነው። ሰው ሐዘንተኛን እንዲህ ይላል? እኔ ግን እኚህን ሰው ከዚህ በፊት አንዴ ሞቱ ተብለው አይቻቸዋለሁ። ተለቅሶላቸው ሲያበቃ ቁጭ ብለው ምሳቸውን በልተዋል።

ቀብራቸው ነገ ነው። እሳቸው ላስታ፣ እኔ አዲስ አበባ። የመኪናው መንገድ ተዘግቷል፣ በረራም የለም ተባልን። ባለቤቴ ሳሚ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ላይ ነው፤ ደሴም ጋሸናም ያለ የሚያውቀውን ሾፌር ሁሉ ጠይቆ ጨረሰ። የሁሉም መልስ «አይሞከርም» ነው። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል። እኔ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ግድግዳው ሁሉ እየተጠጋብኝ ነው።

ብዙዎቻችሁ አታውቋቸውም። ልንገራችሁ፤ ዝም ብዬ ብቀመጥ ልፈነዳ ነው።

ከሠርጋችን በፊት ነው። ሳሚ ቅዳሜና እሁድን ላሊበላ እናሳልፍ አለኝ። ዓርብ ገብተን ይምርሐነ ክርስቶስን እንሳለማለን፤ ቅዳሜ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ወጥተን ድንኳን ውስጥ እናድራለን፤ እሁድ ማታ ቤታችን ነን። እቅዱ ይኼ ነበር።

አያ ሞገስ ባለበቅሎውና መሪያችን ነበሩ። አገሩ ሁሉ «አያ» ሲላቸው እኛም አልን። ቀጠን ያሉ፣ ወሬ የማይሰለቻቸው ሰው። ሳሚ ፎቶ ላንሳ ብሎ ወደ አፋፉ በተጠጋ ቁጥር «ቀስ በል ልጄ፣ ገደሉ የትም አይሄድ» ይሉታል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ጅብራ ዛፎቹ ሥር ሳር ሲነጩ አየናቸው፤ ትንንሾቹ እናቶቻቸው ጀርባ ላይ ተፈናጥጠው። እንደዚያ ቀን ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት ጉም ወረደ። የራሴን ጫማ ማየት አቃተኝ። በቅሎዋ ደንብራ ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ብርድ ልብሱን እንደተሸከመች ተሰወረች። እኛ አንድ ቋጥኝ ሥር ተቀረቀርን። ወደፊት ገደል ነው፤ ወደኋላ ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ሳሚ እንሂድ አለ። እኔ አንሄድም አልኩ። እሱ ሰኞ ሥራ አለኝ አለ፤ እኔ ድሮም ካንተ ጋር መምጣቴ አልኩ። ቀለበት ያሰርንበትን ቀን ሳይቀር እየረገምን ተባላን። አያ ሞገስ መሐላችን ገብተው ተቀመጡና ጋቢያቸውን ለሦስታችን አለበሱን፤ አንድ እጃቸው የሳሚን ቀበቶ ጨብጦ ይዟል። ሳሚ ነገሩ ገብቶት ኖሮ መንገዱን ያውቁት እንደሆነ ጠየቃቸው። ቀበቶውን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

«ጠፍቶኛል ልጄ። ቀድሜ ብነግራችሁ ትሮጡብኛላችሁ ብዬ ነው።»

ያኔ አለቀስኩ። እውነቱን ልናገርና ተናደድኩባቸውም። እንደዚያ እንደተቀፈደድን ነጋ።

ረፋድ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ መንገዱን አገኙትና ወረድን። ከመንደራቸው በላይ ስንደርስ ዋይታ ሰማን። ግቢያቸው ሰው በሰው ሆኗል፤ በቅሎዋ በር ላይ ታስራለች። ለካ ከነጭነቷ ብቻዋን ስትገባ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ገደል ገቡ ብሎ ለቅሶ ተቀምጧል። አንዲት ሴት ሙሾ ታወርዳለች፦

በቅሎህስ መጣችልን ጭነቷን ተሸክማ፣
አንተን ወዴት ጣለህ የዚያ ጉም ጨለማ።

አያ ሞገስ አንድ ወይራ ጀርባ ተቀመጡ። እኛም አብረናቸው። ድንገት ብገባ አስካለ ትወድቅብኛለች አሉ፤ ባለቤታቸው ናቸው። እኛን ቀድማችሁ ግቡ እንዳይሉን፣ ሰዎቹ ያለ እሳቸው ካዩን በቃ ሞቷል ብለው ሊጨርሱት ነው። ጉሙ ለቆን ደግሞ እዚያ ተያዝን። እሳቸው ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው የራሳቸውን ሙሾ ይሰማሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ለቅሶ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በመጨረሻ አፏጩ። በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ፣ ገመዷን እየጎተተች አሽካካች። ለቅሶው ቀጥ አለ። እትዬ አስካለ ከሰው መሐል ወጥተው አዩዋቸው። አልወደቁም።

«ይኼን ሁሉ ሰው ጠርተህብኝ አሁን ምን ላብላው?» አሏቸው። ከዚያ አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው አልለቅ አሉ። ለቀስተኛ ያመጣው እንጀራ በእልልታ ተበላ።

ስንሰነባበት ሳሚ እንኳን ተረፉ አላቸው። አያ ሞገስ አልሳቁም። «ይኼ ሁሉ ሰው እንዲህ አልቅሶልኝ፣ ከእንግዲህ ማንን ልቆጣ? ታሰርኩ እኮ ልጄ» አሉት። ልጃቸው ብርቱካን እንደምትለው እውነትም ከዚያ ወዲህ በሰው ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ለእኛም በየበዓሉ ይደውሉልን ነበር። «ዘንድሮስ ተጣልታችኋል ወይስ ደህና ናችሁ?» ነው ሰላምታቸው። ለፋሲካ ሲደውሉ ሥራ በዝቶብን ነው እንጂ እንመጣለን አልኳቸው። ሳል ነበራቸው፤ ብርድ ነው አሉኝ።

ይኼን እየጻፍኩ ሳሚ ስልኩን አስቀመጠው። «በቃ፣ አይሆንም» አለኝ። ሻንጣውን ራሱ አንስቶ ወደ መኝታ ቤት መለሰው።

አያ ሞገስ፣ ለውሸቱ ለቅሶዎ ከጎንዎ ተቀምጬ ነበር። ለእውነተኛው ቀረሁብዎ። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። ይቅር ይበሉኝ አባቴ። ነገ እትዬ አስካለን ደግፌ መያዝ ሲገባኝ እዚህ ተዘግቶብኝ ግድግዳ አያለሁ።

በሉ ይሂዱ። መንገድ ሲከፈት እንመጣለን፤ እስከ መቃብርዎ የሚመራን ግን ሌላ ሰው ነው።